የማንን ጉዞ ልከተል? የስድስት ታይት ኤንዶች የሙያ ሕይወት ሲነጻጸር

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ከልምምድ ሲመለስ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ «ጋሼ፣ አሰልጣኙ ታይት ኤንድ አደረገኝ» አለኝ። ታይት ኤንድ በአሜሪካ ፉትቦል ውስጥ ያለ የተጫዋች ቦታ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በአንድ ክረምት እንደ ሸንበቆ ተመዝዞ እናቱን በአንድ ራስ በልጧታል፤ መዳፉ ሰፊ ነው፤ ቅርጫት ኳስም ይወዳል። እናቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ይህ ነገር ሹመት ነው ወይስ ቅጣት?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሁለቱም ነው» አልኳት። እየቀለድኩ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ «የማንን ጨዋታ ልይ?» እያለ ይወተውተኛል። ኢንተርኔት ላይ «የምንጊዜም ምርጥ ታይት ኤንድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ዝርዝር አያጣም። ዝርዝሮቹ ግን የሚደረድሩት የተያዘ ኳስ፣ የተገኘ ያርድና የተቆጠረ ታችዳውን (ኳሱን ከጎሉ መስመር አሳልፎ የሚገኝ ነጥብ) ነው፤ ያ ደግሞ የዚህ ሰው ሥራ ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድስት ተጫዋቾችን መርጬ የሙያ ሕይወታቸውን ከመነሻው አንስቼ አነጻጸርኩለት። ጨዋታውን መከታተል ለጀመረ ሌላ ሰውም ይጠቅማል ብዬ እነሆ አሰፈርኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ

በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂው ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። መሀል ላይ ጎንበስ ብለው የሚደረደሩት አምስት ግዙፎች ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ይጠብቃሉ፤ እንደ ደንቡ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ አይቀበሉም። ዳር ላይ የሚቆሙት ፈጣኖቹ ዋይድ ሪሲቨሮች ደግሞ ሮጠው ኳስ ይይዛሉ፤ መቶ ሃያ ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር እንዲገፋፉ እምብዛም አይጠበቅባቸውም። ታይት ኤንድ በሁለቱ መካከል፣ ከግዙፎቹ መስመር ጫፍ ላይ ተጠግቶ ይቆማል። ኳሱ ሲነሳ ወይ ፊቱ ያለውን ተከላካይ በትከሻው መክቶ ለኳስ ተሸካሚው መንገድ ይከፍታል፣ ወይ ሾልኮ ወጥቶ ኳስ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ ተከላካዩ ቀድሞ ከነቃበት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ስለዚህ ሙያውን ለማነጻጸር ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል። የእጁ መዝገብ በቁጥር ተጽፏል። የትከሻው መዝገብ ግን ጨዋታውን ወደ ኋላ እየመለሰ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው የሚገለጠው። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓይኔ ከኳሱ ስለማይነቀል ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚውል ይመስለኝ ነበር።

ዕድሜና ጤና ለሚያስቀድም፦ ቶኒ ጎንዛሌዝ ወይስ ጄሰን ዊተን?

በቁጥር ብቻ ከሄድን ንጽጽሩ ጎንዛሌዝ ላይ ያልቃል። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ውስጥ ፉትቦልም ቅርጫት ኳስም ተጫውቷል፤ በ1997 በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በ13ኛ ምርጫ ወሰደው። በሁለተኛ ዓመቱ ኳስ እጁ ውስጥ ገብቶ የሚወድቅበት ተጫዋች ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ነበር። መፍትሔው አሰልቺ ነበር፦ ከልምምድ በፊትና በኋላ ለብቻው ቆሞ ኳስ መያዝ፣ በየቀኑ፣ እስኪያቆም ድረስ። በ17 የውድድር ዘመን 1,325 ኳስ ይዞ 15,127 ያርድ አገኘ፤ 111 ታችዳውን አስቆጠረ። አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ቢያንስ ነውና በኳስ ብቻ ወደ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ነጥቋል ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ቡድኖቹ ካደረጓቸው 272 መደበኛ ጨዋታዎች የቀረባቸው ሁለት ብቻ ናቸው።

የጎደለው ዋንጫ ነው። ከካንሳስ ሲቲ በኋላ አምስት ዓመት በአትላንታ ፋልከንስ ተጫውቶ፣ በሙያ ሕይወቱ በሙሉ ያሸነፈው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፤ በጥር 2013 ሲያትልን 30 ለ 28 የረቱበት። በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ለማሸነፊያው ምት ቦታ ያመቻቸውን የ19 ያርድ ኳስ የያዘው እርሱ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ አለቀሰ። በሳምንቱ በሳን ፍራንሲስኮ ተሸንፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዊተን የጎንዛሌዝ ታናሽ ወንድም ይመስለኛል፤ ትከሻው ግን ይበልጣል። ዳላስ ካውቦይስ በ2003 በሦስተኛው ዙር፣ በ69ኛ ምርጫ ወሰደው። በዚያው ዓመት መንጋጋው ተሰብሮ አንድ ጨዋታ ቀረ። ከዚያ በኋላ በጉዳት አልቀረም። ነሐሴ 2012 ለወቅቱ መዘጋጃ በተደረገ ጨዋታ ጣፊያው ተሰንጥቆ ነበር፤ በመስከረም መጀመሪያ ሐኪም ፈቅዶለት በመክፈቻው ጨዋታ ተሰለፈ፤ በዚያ ዓመት 110 ኳስ ይዞ ለታይት ኤንዶች አዲስ የዓመት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ይህን ለእህቴ ልጅ በአድናቆት እየነገርኩት እናቱ «እና ይህ ጀግንነት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ምስል ልጨምር። በ2007 ፊላዴልፊያ ላይ ሁለት ተከላካዮች ተጋጭተውት የራስ ቁሩ ወልቆ ወደቀ። ዊተን ግን ሩጫውን አላቆመም፤ ፀጉሩ እየተውለበለበ ሌላ ሃያ ምናምን ያርድ ገሰገሰ። ዛሬ ይህ አይደገምም፤ ከ2010 ጀምሮ የኳስ ተሸካሚው የራስ ቁር ከወለቀ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል። በ2018 ጫማውን ሰቅሎ በቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፤ አልተሳካለትም፤ ተመልሶ ሁለት ዓመት ተጫወተ። በጠቅላላው 1,228 ኳስ፣ 13,046 ያርድ፤ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ግን በሩን እንኳን አላየውም።

ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ኳስ አያያዝ ለመማር ጎንዛሌዝን፣ ሥራውን በሙሉ ለመማር ዊተንን እላለሁ።

ከቅርጫት ኳስ ለሚመጣ፦ አንቶኒዮ ጌትስ

ቁመቱ ረጅም ሆኖ ልቡ ቅርጫት ኳስ ላይ የቀረ ልጅ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። የዲትሮይቱ ጌትስ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አንድም የፉትቦል ጨዋታ አልተጫወተም። በመጀመሪያ የገባበት ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ላይ ብቻ እንዲያተኩር ሲፈልግበት ትቶ ወጣ፤ ኋላ በኬንት ስቴት ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2002 ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች መካከል ደረሰ። ለፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ግን በሚጫወትበት ቦታ 1.93 ሜትር ቁመት አጭር ነው ተባለ። አስቡት፤ እኛ ሰፈር ቢሆን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው።

በ2003 በድራፍት ማንም አልመረጠውም፤ ሳን ዲዬጎ ቻርጀርስ በነጻ አስፈረመው። በዚያው ክለብ 16 ዓመት ቆይቶ 116 ታችዳውን አስቆጠረ፤ በታይት ኤንድ ታሪክ ይህን ያህል ያስቆጠረ የለም። ምሥጢሩ ፍጥነት አልነበረም። ቅርጫት ሥር ሪባውንድ የሚጠብቅ ሰው ተጋጣሚውን በጀርባው ዘግቶ እንደሚቆም ሁሉ፣ ጌትስም በጎሉ መስመር አቅራቢያ ተከላካዩን በወገቡ አግዶ እጁን ከላይ ይዘረጋ ነበር። ልጁ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ገባው፤ ሳሎን ውስጥ ትራስ እየወረወርኩለት እኔን በጀርባው ገፍቶ ከሶፋው ላይ ጥሎኛል።

ማስጠንቀቂያም አለው። ቅርጫት ኳስ መመከትን አያስተምርም፤ ጌትስ ያንን ሥራ ላይ እያለ ነው የተማረው። በ2015 ደግሞ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶበት አራት ጨዋታ ተቀጥቷል። በካንተን ከተማ ወዳለው የፉትቦል የዝና አዳራሽ በመጀመሪያ ዓመቱ አላለፈም፤ የገባው በ2025 ነው።

ሁለቱንም መዝገብ ለሚሻ፦ ሮብ ግሮንካውስኪ

አሁን ልቤ ወዳለበት ደረስኩ። በተመልካችነቴ ካየኋቸው ታይት ኤንዶች ሁሉ እጁም ትከሻውም እኩል የሚያስፈራ ግሮንካውስኪ ነው። ቁመቱ 1.98 ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ። በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቱን በወገብ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ሳይጫወት ስላሳለፈው በ2010 ቡድኖች ፈሩት፤ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በሁለተኛው ዙር በ42ኛ ምርጫ አገኘው። በሁለተኛ ዓመቱ 17 የኳስ ቅብብል ታችዳውን አስቆጠረ፤ ከዚያ በፊት ማንም ታይት ኤንድ አድርጎት አያውቅም።

ሱፐር ቦውል 53ን፣ የካቲት 2019ን፣ ከአራተኛው ሩብ ጀምራችሁ እዩት። ጨዋታው 3 ለ 3 ነው፤ አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተኝቷል። የፓትሪዮትስ ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ ሦስት ተከላካይ ባለበት መሀል ረጅም ኳስ ወረወረ። ግሮንካውስኪ በሩጫ ላይ እንዳለ እጁን ዘርግቶ ኳሱን ጫፉ ላይ ያዘውና ከጎሉ ሁለት ያርድ ሲቀረው ወደቀ፤ 29 ያርድ። በሚቀጥለው ሙከራ የጨዋታው ብቸኛ ታችዳውን ተቆጠረ። ፓትሪዮትስ 13 ለ 3 አሸነፉ።

ያን ሌሊት የሆነውን ራሱ ከወራት በኋላ ነገረን። በጨዋታው ላይ ታፋው ተመትቶ ደም ቋጥሮ ስለነበር ዋንጫውን ባነሳበት ሌሊት ከሕመሙ የተነሳ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ነበር፤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በዚያው መጋቢት፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በቃኝ አለ። ከዚያ በፊት የግራ ክንዱ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ በ2013 የጉልበት ጅማቱ ተበጥሷል፤ ወገቡ ደጋግሞ በቢላ ተነክቷል።

አንድ ዓመት አርፎ በ2020 ከብሬዲ ጋር ለመጫወት ወደ ታምፓ ቤይ በካኒርስ ሄደ፤ በዚያ የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ሁለት ታችዳውን አስቆጥሮ አራተኛ ዋንጫውን አነሳ። በ2022 ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ። ሲጠቃለል 143 ጨዋታ፣ 621 ኳስ፣ 92 ታችዳውን። ጎንዛሌዝ ሁለት ጊዜ ለሚጠጋ ብዙ ጨዋታ ያስቆጠረው 111 መሆኑን ልብ በሉ። ግሮንካውስኪ በጥቂት ዓመት ብዙ አቃጠለ፤ ሰውነቱ ሂሳቡን ከፈለ።

ስለ ገንዘብ አያያዙ ግን ወላጆች እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። በጭፈራና በቀልድ የሚታወቀው ይህ ሰው በ2015 ራሱ እንደጻፈው ከክለቡ ከሚያገኘው ደመወዝ አንድ ሳንቲም አልነካም፤ የሚኖረው በማስታወቂያ ገቢው ነበር። ወገቡ መቼ እንደሚከዳው የማያውቅ ሰው ያደረገው ነው።

ዘግይቶ ለበሰለ፦ ትራቪስ ኬልሲ

ኬልሲን ከዘፋኟ ከቴይለር ስዊፍት ጋር በተያያዘ ብቻ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ ያ ታሪክ ለሌላ ቀን ይቆየን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይጠቅመናል። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ2010 በዲሲፕሊን ጉድለት አንድ ዓመት ታገደ፤ ከእርሱ በፊት በዚያው ቡድን የነበረው ታላቅ ወንድሙ ጄሰን ነው እንዲመልሱት የለመነለት። በ2013 ቺፍስ በ63ኛ ምርጫ ወሰዱት፤ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ የመጀመሪያውን ዓመት ከሞላ ጎደል ሳይጫወት አሳለፈ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ገና ምንም አላሳየም።

ከ2016 እስከ 2022 ግን በተከታታይ ሰባት ዓመት በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ አገኘ። ሦስት ሱፐር ቦውል አነሳ። በጥር 2024 ባልቲሞር ላይ በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በተያዙ ኳሶች የዋይድ ሪሲቨሩን የጄሪ ራይስን ክብረ ወሰን አለፈ።

የእርሱ ጥበብ ማንበብ ነው። ጥር 2022፣ ከቡፋሎ ጋር፣ 13 ሴኮንድ ቀርቷል፤ ቺፍስ በሦስት ነጥብ እየተሸነፉ ነው። አንድ ኳስ ወደ ፊት ከተራመዱ በኋላ ኬልሲ ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ አየና በእቅዱ ያልነበረ መንገድ ሊሮጥ አሰበ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስም ከመስመሩ ላይ ሆኖ «አድርገው፣ አድርገው!» ብሎ ጮኸለት። ኬልሲ መሀሉን ሰንጥቆ 25 ያርድ አገኘ፤ በምት አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪ ሰዓት የማሸነፊያውን ታችዳውን ያስቆጠረውም እርሱ ነው፤ 42 ለ 36። ይህ የኳርተርባክ ዓይን ነው። በመመከት በኩል ግን ከግሮንካውስኪ ጎን አይቆምም፤ ብዙ ጊዜም ከመስመሩ ርቆ እንደ ዋይድ ሪሲቨር ነው የሚሰለፈው።

ስሙ ለማይነሳው፦ ማርሴዲስ ልዊስ

ዝርዝሮች የሚዘሉት ይህን ነው። በ2006 ጃክሰንቪል ጃጓርስ በመጀመሪያው ዙር፣ በ28ኛ ምርጫ ወሰዱት። በ2010 አሥር ታችዳውን አስቆጥሮ ነበር፤ ከዚያ ግን እጁ ቀስ በቀስ ተረሳ። ትከሻው አልተረሳም። ጃክሰንቪል በቃህ ሲሉት ግሪን ቤይ ወሰደው፤ ከግሪን ቤይ በኋላ ቺካጎ ወሰደው። በ2023 ለ18ኛ የውድድር ዘመን ሲሰለፍ ጎንዛሌዝንና ዊተንን በውድድር ዘመን ብዛት አለፋቸው። በቺካጎ ሁለት ዓመታት የያዛቸው ኳሶች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። አርባ ዓመት ሞልቶት ቡድን የሚፈልገው ሰው ኳስ የሚይዝ አይደለም፤ የኳርተርባኩን አጥንት የሚያድን ነው።

ክፍያውና ዋጋው

ገበያው የሚያነበው የእጁን መዝገብ ነው። በ2014 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ተጫዋች ጂሚ ግራሃም «አብዛኛውን ጊዜ የምሰለፈው እንደ ዋይድ ሪሲቨር ነውና ክፍያዬም እንደዚያው ይሁን» ብሎ ተከራከረ። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም፦ ለታይት ኤንድ የተወሰነው የዓመት ክፍያ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለዋይድ ሪሲቨር 12.3 ሚሊዮን። ዳኛው «አንተ ታይት ኤንድ ነህ» ብሎ ፈረደበት። ክፍተቱ እስከ ቅርብ ጊዜ አልጠበበም፤ በ2025 ጆርጅ ኪትል በአራት ዓመት 76.4 ሚሊዮን ፈርሞ በቦታው የመጀመሪያው ተከፋይ ሲሆን፣ ዋይድ ሪሲቨሩ ጃማር ቼስ በዚያው ዓመት ለአራት ዓመት 161 ሚሊዮን ፈርሟል። የሥራው ቁጥርም ጠባብ ነው፤ 32 ቡድን፣ በየቡድኑ ሦስት ወይም አራት ታይት ኤንድ። በመላው አገር ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ወንበር ማለት ነው።

ስለ ጭንቅላት ጉዳትም ሳይነሳ አይታለፍም። በ1960ዎቹ ለባልቲሞር ኮልትስ የተጫወተው ጆን ማኪ፣ ታይት ኤንድ ኳስ ይዞ ረጅም ርቀት መሮጥ እንደሚችል ካሳዩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ኋላ የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ሆኖ ለባልደረቦቹ መብት ፍርድ ቤት ቆመ። በእርጅናው የመርሳት በሽታ ያዘው፤ በ2011 አረፈ። ሊጉና ማኅበሩ በ2007 ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች መርጃ ሲያቋቁሙ በመለያ ቁጥሩ 88 ሰየሙት፤ በዓመት እስከ 88,000 ዶላር የሚከፍል ነበር። በየዓመቱ ለዩኒቨርሲቲዎች ምርጥ ታይት ኤንድ የሚሰጠው ሽልማትም በስሙ ይጠራል፤ በ2005 ያሸነፈው ከላይ ያነሳሁት ልዊስ ነው።

እንግዲህ ማንን?

ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ግሮንካውስኪን እዩ፤ አትጸጸቱም። ጨዋታውን መረዳት ለሚፈልግ ኬልሲ ይሻላል፤ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ተከታተሉ። ከቅርጫት ኳስ ለሚሻገር ጌትስ። ልጁ ፍጥነት የሌለው ነገር ግን ጠንካራ ከሆነ የልዊስን ጨዋታ ፈልጋችሁ አሳዩት፤ ማግኘት ትንሽ ያደክማል፤ የድል ቅንጭብ የሚያዘጋጁ ሰዎች መመከትን አይቆርጡም።

ለእህቴ ልጅ የመረጥኩለት ዊተንን ነው። ከስድስቱ ይበልጥ የሚገርመኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱን ሥራ ለረጅም ጊዜ፣ ያለ ልዩ ፍጥነት የሠራ ሰው ስለሆነ ነው። ጣፊያውን ግን ዘልለን ነው ያየነው።

በጥቅምት አንድ ዓርብ ማታ ከእናቱ ጋር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄድን። ብርድ ነበር፤ ቡናውን በፔርሙዝ ይዛ መጥታለች። በሦስተኛው ሩብ ልጁ ከመስመሩ ጫፍ ተነስቶ ከእርሱ የሚከብድ ተከላካይን ደረቱ ላይ ያዘና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ነዳው፤ በተከፈተው ቀዳዳ ጓደኛው ኳሱን ይዞ እስከ ጎሉ ሮጠ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እኔ ብድግ ብዬ ሳጨበጭብ እህቴ እጄን ያዘችና «ያስቆጠረው እኮ ሌላ ልጅ ነው» አለችኝ።